ባሌ የገደለው ሰው ተዝካር

ባሌ ከጦርነት ሲመለስ ሰው ይዞ ነው የመጣው። ሰውየው ሞቷል፤ የሞተውም በባሌ ጥይት ነው። ሆኖም ቤታችን ገብቶ ከኔ የተሻለ ቦታ የያዘው እሱ ነበር፤ እኔም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ቀናሁበት። ሴት በሴት ብትቀና ወግ ነው፣ ጎረቤትም ያግዛታል። በሞተ ወንድ የምትቀና ሴት ግን ለማን ታወራለች?

የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ጎንደር ከተማ ከአንድ ደብር ሥር ነው ያደግኩት፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ግብረ ገብ አስተምራለሁ። ባሌ አናጢ ነው። እዚያው ጎንደር አራዳ ውስጥ በርና መስኮት፣ አልጋና ወንበር የሚሠራበት ጠባብ ቤት አለው። የተወለደው ከድብ ባሕር ከመንገዱ ራቅ ብሎ ባለ የገበሬ አገር ሲሆን፣ ጎንደር የመጣው አባቴ ዘንድ ዜማ ሊማር ነበር። ዜማው ብዙም አልገፋለትም፤ እኔን ግን አገኘ። አባቴ «ለዜማ ብቀበልህ ልጄን ይዘህ ወጣህ» እያለ እስከ ዛሬ ያሾፍበታል። የተጋባነው በቁርባን ነው። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም። በቁርባን የተጋባ ሰው ከባለቤቱ ጋር ነው የሚቆርበው፤ አንዱ ሲቀር ሌላው ብቻውን መቅረብ ይከብደዋል። የኔም ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ ባሌ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ዘመተ። መሄድ አለበት የለበትም ብለን አልተከራከርንም፤ ያኔ የሚከራከር ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ክፍል ገብቼ ጦርነት መቼ ተገቢ እንደሚሆን በሰሌዳው ላይ እጽፍ ነበር፤ ምክንያቱ እውነተኛ ሲሆን፣ ሌላ መንገድ ሲጠፋ፣ ያልታጠቀ ሰው የማይነካበት ሲሆን። ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ፣ እኔም ጠመኔዬን አራግፌ እወጣለሁ። የገደለ ሰው ሲመለስ ከሚስቱ ጋር እንዴት እንደሚኖር ግን የትኛውም ምዕራፍ ላይ አልነበረም። ትምህርቱ የሚያበቃው ጦርነቱ ሲያበቃ ነው።

እጅ እግሩ ሙሉ ሆኖ ተመለሰ። ሰፈሩ እልል አለ፤ በግ ታረደ፤ አንድ ሁለት ሰው ሊፎክርለት ተነሥቶ ነበር፣ እሱ ግን እንዲቀመጡ ለመናቸው። የመጀመሪያው እሑድ ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ አብሮኝ ወጣ። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ እኔ ገባሁ፣ እሱ ከቅጥሩ በር ውጭ ቆመ። ቅዳሴው እስኪያልቅ እዚያው እንደቆመ ነበር። በማግሥቱ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄዶ ቀኖና ተቀብሎ መጣ፤ ጾም፣ ስግደት፣ ምጽዋት፣ ጊዜው እስኪፈጸም ከቁርባን መራቅ፣ መኝታም መለየት። በመጨረሻም ለገደለው ሰው ፍትሐት አስፈትቶ ተዝካሩን ማውጣት። ያ ሲሆን ከቀኖናው ይፈታል፤ እኛም ወደ ቁርባናችንና ወደ አልጋችን እንመለሳለን።

በስለት፣ በልቅሶ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር እየደነገጥኩ የጠበቅኩት ባሌ መጣና ሌላ ክፍል ተኛ። ያውም ለሌላ ሰው ብሎ።

አባቴ ከኔ ብሶ ተናደደ። በፋሲካ የንስሐ አባታችን ሊባርኩልን ቤታችን ሲመጡ፣ አባቴ ምሳው እስኪያልቅ እንኳ አልታገሠም። አገሩን ሊጠብቅ የወጣን ሰው እንደ ሽፍታ ቀኖና መስጠት ግፍ ነው አለ። ወታደር የሚገድለው በራሱ ቂም አይደለም፣ የመዝሙሩ ንጉሥ ራሱ ሰይፍ ታጥቆ ኖሯል እያለ ብዙ ተናገረ። የንስሐ አባታችን አጥንታቸውን ግጠው ሲጨርሱ፣ እውነት ነው ታጥቆ ኖሯል፣ ቤተ መቅደሱን ልሥራ ሲል ግን እጅህ ደም ነክቷልና ልጅህ ይሥራው ተባለ አሉ። ያፈሰሰው የጠላት ደም ነበር፤ ጠላት ነው ተብሎ ግን አልተተወለትም። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው የተናገሩትን ዛሬም አልረሳውም።

«መሪጌታ፣ ጦርነቱ ትክክል ነበር ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ያን ቢጠይቀኝ ኖሮ እንዳንተ እመልስ ይሆናል። የጠየቀኝ፣ ለሞተው ሰው ምን ላድርግለት ብሎ ነው።»

 እኔ የቆምኩት ከአባቴ ጋር ነበር፤ ለእውነቱ ብዬ ግን አልነበረም። አባቴ ቢያሸንፍ ባሌን አገኝ ነበር።

ባሌ ነገሩን የነገረኝ ሥራ ቤቱ ውስጥ የአልጋ እግር እየላገ ነው። ምሳውን ይዤለት ሄጄ ነበር። ቀና ሳይል ጀመረው። ከሰውየው ጋር አንድ ፈፋ አፍ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ፤ ቀድሞ የተኮሰው ባሌ ነበር። ሰውየው ፈፋው ውስጥ ወደቀ። ወዲያው ከሁለቱም ወገን ተኩሱ ሲበረታ ባሌ መሸሸጊያ አጥቶ እዚያው ፈፋ ውስጥ ዘለለ። ከረፋድ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ አብረው ተጋደሙ። ሰውየው አልሞተም ነበር። ባሌ ከቀረችው ውሃ አፉ ላይ ጠብ አደረገለት። ባሌ ደግሞ እህል ከቀመሰ ሰንብቶ ነበር፤ ከሰውየው ኮት ኪስ ቆሎ ፈስሶ አየ።

«እያየኝ በላሁት» አለኝ። «ገድዬው ስቅ ሳይለኝ ቆሎውን በላሁበት። አልተቆጣም። ብቻ ያየኝ ነበር።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ሞተ። አንገቱ ላይ እንደ እኛው ማተብ ነበረው። ባሌ መላጊያውን አስቀምጦ፣ የሰው እህል በልቶ ተዝካሩን አለማውጣት አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በእኛ አገር የዚህ መልስ አንድ ነው፤ የለም። ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር። እኔ ሰውየው ምን ይመስል ነበር አልኩት። እሱም ነገረኝ! ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፣ ጢሙ ገና ማቀምቀሙ ነው፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ተሰንጥቋል፣ የኮቱ አንድ ቁልፍ በቀይ ክር የተተከለ ነው። የኔን ዓይን ቀለም ጠይቁት፣ ጥቁር ነው ይላችኋል፤ የሰው ሁሉ ዓይን ጥቁር ነው ብሎ። የዚያን ሰው ቁልፍ በምን ክር እንደተሰፋ ግን ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ከሟቹ ላይ አላነሣሁም። ባሌ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ጧፍ ይገዛል፤ ድሮ አንዱ የኔ አንዱ የሱ ነበር፣ አሁን የሟቹ ተጨምሯል፣ ቀድሞ የሚበራውም የሟቹ ነው። ለነድያን ሲዘክር «ስለ እሱ» ይላል፤ እሱ ሲል አምላክን ነው ብለው የሚያስቡ አሉ፣ እኔ ግን ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ቤታችን ቆሎ መቁላት ቀረ። አንድ ቀን ሽንብራ ብቆላ ሽታው ሲደርሰው ወጥቶ ሄደ፤ በቤቴ የሚበላውን እንኳ የሚመርጥልኝ ሟቹ ሆነ። ጣውንት ያላት ሴት ቢያንስ ጣውንቷ ስታረጅ ታያለች። የኔው ጢሙ ሲያቀመቅም እንደ ቀረ ይኖራል።

ጠላትን ስለ መውደድ ከልጅነቴ ጀምሮ ተሰብኮልኛል፤ አባቴም በቃሉ ያስተምረዋል። ጠላቱን የወደደ ሰው ሚስት ምን ትሁን ብሎ የሰበከ ግን አልሰማሁም። ሰዎች ጦርነት ላይ ሲከራከሩ መነሣቱ ልክ ነበር አልነበረም ይላሉ፤ እኔም ለዓመታት ያን አስተማርኩ። ጦርነቱ ልክ ይሁንም አይሁንም፣ የተገደለው ሰው የገዳዩ ዘመድ ይሆናል። አልወለደውም፣ አብሮት አልተወለደም፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ያለ እሱ አይቆርስም፣ ያለ እሱ አይሰግድም። ይህን ቀድሜ ባውቀው ሰሌዳዬ ላይ እጽፈው ነበር። ምናልባትም ባሌን በር ላይ አንቄ አስቀረው ነበር፤ ለሰላም ብዬ ሳይሆን ላለመካፈል ብዬ።

ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ የስሙ ነገር ነው። ካህኑ የሟቹን የክርስትና ስም ሳይጠሩ ፍትሐት የለምና፣ ተዝካሩ ሲቃረብ ስሙ ማን ነው ብዬ ባሌን ጠየቅኩት።

«ስም አለው» አለኝ። «እሱን ለኔ ተይልኝ።»

የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፤ ደብተራ ሊደግምበት ይችላል ተብሎ ይደበቃል። እንግዲህ ያ ሰው በዚያ ፈፋ ውስጥ፣ ለገዳዩ፣ ጆሮው ላይ ስሙን ሹክ ብሎታል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። አብረው የዋሉትን ሰዓት ሁሉ ሲያወሩ በሐሳቤ እያየኋቸው ሥራ ፈታሁ። ስለ እናቱ ነግሮት ይሆን? ስለ ሚስቱስ? ባሌ ስለኔ ምን ብሎት ይሆን? መጨረሻ ላይ አላስችል ሲለኝ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄጄ ተናገርኩ። ሳይስቁ ሰሙኝ፤ ከዚያ በሞተ ጠላት የሚቀና ሰው ገና ዛሬ አየሁ አሉ። ከሚጠሉት ትሻያለሽ፣ አንቺ ቢያንስ ሰው መሆኑን አምነሻል አሉኝ። ስሙን ግን ከሳቸውም አላገኘሁም፤ ለኔም አልነገረኝም፣ በፍትሐቱ ቀን ትሰሚዋለሽ አሉና ስገጂ ብለው ሰደዱኝ። ሰገድኩ። በሰገድኩ ቁጥር የበለጠ ተናደድኩ።

ተዝካሩን ጎንደር ማውጣት አልተቻለም። በግራ በቀኛችን ያሉት እናቶች ልጆቻቸው አልተመለሱም፤ ለዚያኛው ወገን ሰው በተጠመቀ ጠላ ላይ ኑ ብዬ የምጠራቸው በየትኛው ዓይኔ ነው? ስለዚህ ባሌ አገሩ፣ ታላቅ እህቱ ቤት እንዲሆን ቆረጠ። መንገዱ ተዘግቶ ነበርና እስኪከፈት ጠበቅን። ሲከፈት በአውቶቡስ ድብ ባሕር ወርደን ከዚያ በእግር ሄድን። እህቱ ደጅ ላይ ስታየኝ «ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አለች፤ እኔም መንገዱ ነው አልኳት። ባሌ ለእህቱና ለአገሩ ሰው ተዝካሩ አብሮት ለነበረ ሰው ነው ብሏል። ውሸት አይባልም፤ አብሮት ውሏል።

ጌሾውን የወቀጥኩት፣ ብቅሉን ያዋሃድኩት፣ ጋኑን ያጠንኩት እኔ ነኝ። ጠላው ቢበላሽ ደስ ባለኝ ነበር። ላበላሸው ግን እጄ አልታዘዘኝም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ጠላ ጠምቄ አላውቅም። የባሌ እህት ቀምሳ «ሸጋ ነው፤ ለሟቹ በጣም ታዝኚለት ኖሯል» አለችኝ። ጋኑን መልሼ ከደንኩት።

ፍትሐቱ ጠዋት ነበር። የባሌ እህት ከወጡ ጋር ቤት ቀረች፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እኛና ጥቂት የአገር ሽማግሌዎች ነበርን። ባሌን ያጠመቁት ቄስ ካረፉ ቆይተዋል፤ አሁን የሚያገለግሉት አዛውንት ቄስ ከሌላ ደብር የመጡ ናቸው። ወደ ባሌ ጠጋ ብለው ስም ጠየቁ። ባሌ ዝቅ ብሎ ነገራቸው። እኔ በሴቶች በኩል ቆሜ ነጠላዬን ከጆሮዬ ላይ ገለል አደረግኩ። ይህን ስም ለመስማት ነበር እዚያ ድረስ የሄድኩት። ቄሱ ጸሎቱን ጀመሩ፣ ስሙንም ጠሩ።

የባሌ ስም ነበር።

መጀመሪያ ስንቱ በዚህ ስም ተጠምቋል፣ ሞክሼ ናቸው አልኩ። ይህም ራሱ አቃጠለኝ፤ በስም እንኳ ተጋጠሙ ብዬ። ከዚያ ባሌን አየሁት። ስሙ ሲጠራ ሰው ለሌላ እንደሚያደርገው አላማተበም። አንገቱን ደፍቶ ሲጠሩት እንደሚቀበል ሰው ቆሟል። ያኔ ገባኝ።

ዝም ብል ሁሉም ነገር ባለቀ። ፍትሐቱ ይፈጸማል፣ ድግሱ ይበላል፣ ቀኖናው ያልቃል፤ ጎንደር ስንመለስ አብረን እንቆርባለን፣ አልጋችንም አንድ ይሆናል። ከተናገርኩ ይህ ሁሉ ይፈርሳል፤ ለሌላ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ቄሱ ስሙን ሁለተኛ ጠሩት። ተክሊል ሲደረስልን ከኔ ስም ጎን የተጠራው ያ ስም ነው። እናቱ ከሞቱ ወዲህ እኔ፣ እህቱና የንስሐ አባታችን ብቻ ነን የምናውቀው። እሱን ከሙታን ጋር ሲቀብሩብኝ ቆሜ ልሰማ አልቻልኩም። ወጥቼ ወደ ፊት ሄድኩ።

«አባ፣ ይቆዩ» አልኩ። «ይህ የሞተ ሰው ስም አይደለም። የባሌ ስም ነው።»

ቄሱ ጸሎታቸውን አቁመው ወደ ባሌ ዞሩ። ባሌ ቀና አላለም።

«የሱን አላውቀውም፣ አባ» አለ። «ጥይቴ ያገኘው ጉሮሮውን ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያለ ስም ፍትሐት የለም ሲሉ፣ የራሴን ሰጠሁት። ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም።»

«የራስህ አይደለም» አልኩት። ድምፄ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሚፈቀደው በላይ ነበር። «በዚያ ስም ነው የተዳርኩት። ሳትጠይቀኝ ሰጠኸው። መልስልኝ።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ቄሱ ወደ ባሌ ቀረቡ። ለቆመ ሰው ፍትሐት አይደረግም፣ አንድ ሰው ጠፍቶ አንተን ብንጨምርበት ማንን አዳንን አሉት። ከዚያ ጸሎቱን ከመጀመሪያው ጀመሩት። ስም የሚጠራበት ላይ ሲደርሱ ለአፍታ ቆሙና በአማርኛ፣ እኛ አናውቀውም፣ አንተ ታውቀዋለህ አሉ። በዚያው ቀጠሉ። ባሌ አለቀሰ። ከጦርነት ከተመለሰ ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የሚያለቅሰው ለሱ ነው ወይስ ለኔ ብዬ ማሰቤ አልቀረም። ስም በሌለው ሰው መቅናት የሚከብድ መስሎኝ ነበር፤ አይከብድም።

ቀኖናው ይፈጸም አይፈጸም ቄሱ አልቆረጡልንም፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ ብለው ለቀቁን። ወደ ድግሱ ሄድን። ሰው ዳሱ ሥር ሞልቶ ይበላል፣ እኔ ጠላ እቀዳለሁ፤ በፊታቸው ባለፍኩ ቁጥር «እግዜር ያጥናሽ» ይሉኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ። ከምሰሶው አጠገብ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። አንድ ልጃቸው በዚያው ጦርነት መሞቱ ብቻ እንደተነገራቸው፣ አስከሬኑን እንዳላዩ የባሌ እህት በጆሮዬ ነግራኛለች። ዋንጫቸውን ስሞላ ክንዴን ያዙኝ።

«ጓደኛው ነው አሉኝ፣ ልጄ። አገሩ ወዴት ነው?»

እሺ ብዬ አንድ አገር ብጠራላቸው ይበቃ ነበር። ያን ቀን ግን በሰው ስም ላይ መዋሸት ሰልችቶኝ ነበር።

«ጓደኛው አይደለም፣ እማማ። ከወዲያኛው ወገን ነው። ባሌ ነው የገደለው።»

ዋንጫውን መሬት አስቀመጡት። ያፈሱታል ወይም ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢያደርጉት አልፈርድባቸውም ነበር። ባሌ ከዳሱ ጫፍ ቆሞ ያየናል። አሮጊቷ የሱን ፊት አዩ፣ የኔን አዩ፣ ጋኑን አዩ።

«እንግዲያ የኔን ልጅ የገደለው ሰውዬ ሚስት» አሉ፣ «እሷም እንዲህ ደግሳ ይሆን?»

የማስተምረው ሁሉ፣ አባቴም ያስተማረኝ ሁሉ ለዚህ መልስ አልነበረውም። ያለኝ የራሴ ብቻ ነበር።

«ደግሳለች» አልኳቸው። «እየተናደደች ደግሳለች።»

ዋንጫውን አንሥተው ጠጡት። ከዚያ ባዶውን ዘረጉልኝ፤ ቀዳሁላቸው።